ጋኔኑ ምን ይበላል?

የፈጠራ ዓለም የሚጽፍ ሰው አማልክቱን ሲፈጥር እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ኃይል ነው። አንዱ መብረቅ ይወረውራል፣ ሌላው ባሕር ያናውጣል፣ የአጋንንቱ አለቃ ደግሞ ከጨለማ ተራራ ሠራዊቱን አሰልፎ ይወርዳል፤ ከዚያ ማን ማንን እንደሚያሸንፍ ሲሰላ ታሪኩ ያልቃል። እኔ ግን አንድን አምላክ ወይም አንድን የአጋንንት አለቃ ለማወቅ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ምን ይሰጣል? በምላሹ ምን ይበላል? ከሁለቱ ወገን አንዱ ቃሉን ያጠፈ ዕለት ምን ይከተላል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው አምላክ ሰማይን በአንድ እጁ ቢያነሣ እንኳ በታሪኩ ውስጥ ማንም የማይጸልይለት ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

እየጻፍኩት ያለሁት ረጅም ልብ ወለድ ኤርማን በሚባል ደረቅ አገር ውስጥ የሚካሄድ ነው። በደጋው ጫፍ ላይ በግንብ የታጠረች ሐዝበር የምትባል አሮጌ ከተማ አለች፤ ከእሷ በታች፣ ቁልቁለቱ አልቆ ሙቀቱ በሚጀምርበት ሜዳ ላይ፣ ዲራም የምትባል የነጋዴዎች ከተማ ተዘርግታለች። የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የወጣ አንባቢ መልክዓ ምድሩን ከየት እንዳመጣሁት ወዲያው ይገባዋል፤ አልደብቀውምም። አማልክቱና አጋንንቱ ግን የኤርማን ብቻ ናቸው። ከእኛ አካባቢ የወሰድኩት፣ ሰው ሊገዛው ከማይችለው ኃይል ጋር ጎረቤት ሆኖ የሚኖርበትን ሥርዓት ነው።

እንዲህ ያለው ውል በአገራችን ድንጋይ ላይ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። በ4ኛው መቶ ዘመን የነገሠው የአክሱሙ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጻቸው ጽሑፎች ራሱን የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ብሎ ይጠራል፤ በግሪክኛው ጽሑፍ ማሕረም በጦርነት አምላኩ በአሬስ ስም ተጠርቷል። ከማሕረም ጋር አስታር፣ ብሔርና ምድር የሚባሉ አማልክትም ይነሣሉ። ንጉሡ በቤጃዎች ላይ ካደረገው ዘመቻ በኋላ፣ ለወለደው አምላክ ምስጋና እንዲሆን አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልት ማቆሙን ይናገራል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ የሒሳቡ ጥራት ነው። አምላኩ ድል ሰጠ፣ ንጉሡም ምን እንደከፈለ በማዕድን ዓይነትና በቁጥር አስመዘገበ፤ ሰማይና ምድር በደረሰኝ ተዋዋሉ ማለት ይቻላል።

ለልብ ወለድ ጸሐፊ ትልቁ ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያው ንጉሥ በኋለኛው ዘመኑ ባስቀረጸው ጽሑፍ ድሉን የሰጠው የሰማይ ጌታ መሆኑን ይመሰክራል፤ የማሕረም ስም ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ የለም። የእምነቱን ታሪክ ለሊቃውንቱ ትቼ በፈጠራ ዓይን ብቻ ስመለከተው አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣኛል፦ ወርቁንና ነሐሱን ሲቀበል የኖረው፣ ንጉሡን ልጄ ሲል የነበረው ያ የጦር አምላክ፣ ስሙ በቀረ ማግሥት እንዴት ዋለ? በይሓ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዘመን ገደማ ለአልመቃህ የተሠራው ቤተ መቅደስ ግድግዳው እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ወደ አልመቃህ የሚጸልይ ሰው ግን ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል። ቤቱ ቆሞ ባለቤቱን የሚጠራው ሲጠፋ የሚመጣው ባዶነት፣ ኤርማን ውስጥ የአጋንንት አለቆች የሚወለዱበት ሆኗል። በእኔ ዓለም የአጋንንት አለቃ ማለት ሰዎች ውሉን አፍርሰው የተዉት አምላክ ነው። ክፋቱ ከሥሩ የተፈጠረ አይደለም፤ ያልተከፈለ ዕዳ ያለው፣ ዕዳውንም በራሱ እጅ መሰብሰብ የጀመረ ኃይል ነው።

ክፉን በዚህ መንገድ ማሰብ ከባድ የሚሆንባቸው ወዳጆች አሉኝ፤ ጋኔን ጋኔን ነው፣ ምክንያት አትፈልግለት ይሉኛል። እኔ ግን ለጋኔን ምክንያት መፈለግ እሱን ማመስገን አይመስለኝም። ሙሉ ሆኖ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክ፣ 200 መላእክት በአርሞን ተራራ ላይ ወርደው የሰውን ሴቶች ልጆች እንዳገቡ ሲተርክ፣ ከመሪዎቻቸው አንዱ ስለሆነው ስለ አዛዝኤል የሚነግረን በዋናነት ያስተማረውን ነው፦ ሰይፍና ቢላዋ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን፣ አምባርና ጌጥን፣ የዓይን ኩልን። ሩፋኤል አስሮ በዱዳኤል በረሃ፣ በሾሉ ድንጋዮች ሥር እንዲቀብረው ይታዘዛል፤ ትምህርቱ ግን አብሮት አልተቀበረም። አስተማሪውን መቅጣት ይቻላል፣ የተማረውን እጅ ግን ወደ አለማወቅ መመለስ አይቻልም። አስፈሪ የአጋንንት አለቃ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ቀንዱንና ጥርሱን ከመሳሉ በፊት፣ ሰዎች ከእሱ ተቀብለው መልሰው ሊሰጡት የማይችሉት ነገር ምን እንደሆነ ይወስን።

ከስጦታው ቀጥሎ የሚመጣው ወሰን ነው። በክታብ ላይ የሚጻፈው የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዝልያን ለማራቅ የሚነበብ ሲሆን፣ ክታቡም በባለቤቱ ቁመት ልክ ከተቆረጠ ብራና ይሠራ ነበር። መከላከያው ከሚጠበቀው ሰው አካል ጋር እንዲለካ መደረጉ ለእኔ ከማንኛውም አስማታዊ ሰይፍ የበለጠ ምስል ነው። በየቤታችንም ወሰኑ አለ፤ ማታ የፈላ ውኃ ወደ ደጅ ከመድፋት በፊት ክርስቲያኑ በስመ አብ፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ይላል፤ አመድ በሚደፋበት ቦታ ልጅ እንዳይቆም ይከለከላል። እነዚህ ልማዶች በዓይን የማይታየው ወገን ጥግና ሰዓት እንዳለው፣ ሰውም ሳያስጠነቅቅ ድንበሩን እንዳይጥስ የሚያስታውሱ ናቸው።

ስለ ወሰንና ስለ ውል ግን ከሐረር ጅቦች በተሻለ ያስተማረኝ የለም። የጁጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ከተማዋን ከጠላት ለመጠበቅ ነው፤ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። በዚያው ግንብ እግር ላይ ደግሞ ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሰው እንዳይገባ የቆመ ግንብ ለጅብ መንገድ ይሰጣል፤ ጅቡም ሌሊት በጠባቦቹ የጁጎል መንገዶች እየተዘዋወረ አጥንቱንና ትርፍራፊውን ያነሣል። በከተማዋ እምነት መሠረት ጅብ ጂኒም ይበላል፤ ስለዚህ ጧት ሰዎች በራቸውን ሲከፍቱ የሚያገኙት መንገድ በሁለት በኩል የተጠረገ ነው።

ሙሐረም በገባ በ10ኛው ቀን፣ በአሹራ፣ ገንፎ ከቅቤ ጋር ተዘጋጅቶ ለጅቦች ይቀርባል። ትውፊቱ በረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው ማጥቃት ሲጀምሩ አውሊያዎቹ በሐኪም ተራራ ላይ ተሰብስበው መከሩ፣ ገንፎውም የዚያ ምክር ውጤት ነው ይላል። ጅቦቹ ቀርበው በደንብ ከበሉ ዓመቱ የደግ ይሆናል፤ ሳይነኩት ከሄዱ የክፉ ዘመን ምልክት ነው። ልብ ብላችሁ ብታዩት በዚህ ትውፊት ውስጥ ማንም ጅቡን አላሸነፈውም፤ ጅቡም ደግ ሆነ አልተባለም። ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው ሌላውን ሊጎዱ እንደሚችሉ እያወቁ በዓመት አንድ ቀን ፊት ለፊት ተያይተው ውላቸውን ያድሳሉ። ለጎብኚ የሚቀርበው የማታው የጅብ ማብላት የአሹራውን ያህል ዕድሜ የለውም፣ የተጀመረው በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው፤ ቢሆንም ያው መንፈስ አለበት። የሚያበላው ሰው መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል፤ ቀጭን የሥጋ ቁራጭ በአጭር እንጨት ጫፍ ላይ ጠቅልሎ ሌላውን የእንጨቱን ጫፍ በጥርሱ ይነክሳል። የጅቡ ራስ ከሰውየው ፊት ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው አፉ ተከፍቶ ሥጋውን ብቻ ያነሣል፤ ያ መንጋጋ ወፍራም አጥንት እንደሚሰብር ግን እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል።

የሐዝበር ጠባቂ አምላክ ኤልቃም የተወለደው ከዚህ ነው። ኤልቃም የግንብ አምላክ ሲሆን ዋና ትእዛዙ የግንቡ ቀዳዳዎች በፍጹም እንዳይደፈኑ ነው። በታሪኩ መካከል አንድ ጥንቁቅ ሹም፣ ክፉ ሰው ያልሆነ፣ ለሕዝቡ ደኅንነት የሚጨነቅ፣ ከውጭ የሚሰማውን ጩኸት ፈርቶ ቀዳዳዎቹን በድንጋይና በጭቃ ያስደፍናቸዋል። ለጥቂት ሌሊቶች ከተማዋ የሰላም እንቅልፍ ትተኛለች። ከዚያ ግን ሌሊት ሌሊት ይበላ የነበረው ነገር ሳይበላ መከማቸት ይጀምራል፤ በየቤቱ ጥግ የቆዩ ቂሞች፣ ያልተነገሩ ሐዘኖች፣ የሟቾች ቅሬታዎች እየወፈሩ ይሄዳሉ። ኤልቃም ከተማዋን በቁጣ አይመታትም። ለተደፈነ ግንብ የገባው ቃል ስለሌለ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ አማልክት ሲያኮርፉ ከሚሠሩት ሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ታችኛዋ ከተማ ዲራም ግን ሌላ ዓይነት ኃይል ይፈልግባት ነበር። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ሰው ከየአቅጣጫው ተጠራርቶ የሠራት ከተማ ናት፤ እንደ ሐረር በአውሊያ ጥላ ሥር ያረጀች አይደለችም። በእንዲህ ያለች ከተማ የሚኖር የአጋንንት አለቃ ከተራራ ላይ ሆኖ የሚያስፈራራ ሊሆን አይችልም፤ ገበያ ውስጥ ገብቶ መዋዋል አለበት። በመዝሙረ ዳዊት 90 የሚጠራው የቀትር ጋኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ይመስጠኝ ነበር፤ የድሬዳዋን ቀትር የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። ከእኩለ ቀን በኋላ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር እንኳ የሚንቀሳቀስ ሰው ይጠፋል፤ ከተማዋ እንደገና የምትነቃው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። በእነዚያ ሰዓታት መንገዱ የማን ነው?

በዲራም መንገዱ የኢልፋር ነው። ኢልፋር ከነጋዴዎቹ ጋር የገባው ውል ግልጽ ነው፦ በቀሪው የቀኑ ክፍል በዲራም ገበያ ሚዛን አያጭበረብርም፣ የተቆጠረ ገንዘብ አይጎድልም፣ እንግዳ ነጋዴ አይታለልም፤ ከተማዋ የበለጸገችውም በዚህ ነው። በምላሹ ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በአደባባይ በድምፅ የተነገረ ቃል ሁሉ የኢልፋር ሲሳይ ይሆናል። በዚያ ሰዓት የተፈጸመ ሽያጭ የእሱ ነው፤ የተገባ ቃል ኪዳንም የእሱ ነው። ዲራሞች ይህን ስለሚያውቁ ቀትር ላይ በምልክት ይነጋገራሉ፣ ወይም ቤታቸው ይገባሉ።

አንድ ቀን ጨርቅ ነጋዴዋ ሪሐና፣ ሕፃን ልጇ ወደሚንደረደር ጋሪ ሲሮጥ አይታ፣ በባዶው መንገድ ላይ ስሙን ጮኻ ትጠራለች። ልጁ ይቆማል፤ ጋሪውም ያልፋል። ስሙ ግን ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የኢልፋር ሆኗል፤ እናቱ ስትጠራው አይሰማም፣ ቀትር ላይ ከመንገዱ ማዶ ሲጠራ ግን ብድግ ይላል። ሪሐና ልትደራደር ስትሄድ ኢልፋር ስሙን እንደሚመልስ ይነግራታል፤ ዋጋው፣ ከተማዋ ሰዓቱን በግማሽ ሰዓት እንድትጨምርለት ነው። ጉዳዩ ለከተማዋ ሽማግሌዎች ይቀርባል። ለአንድ ሕፃን ስም የሁሉም ሰው ግማሽ ሰዓት ይሰጥ ዘንድ ይገባል ወይ? ዛሬ ግማሽ ሰዓት ከተሰጠ ነገ ሌላ እናት ስትመጣስ? ይህን ምዕራፍ ስጽፍ አንድም ቦታ ላይ እሳት፣ ሰይፍ ወይም ጦር አላስፈለገኝም፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የሚከራከሩበት ክፍል በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉም የበለጠ የምወደው ነው። በመጨረሻ ስለሚወስኑት ነገር እዚህ አልናገርም።

ሦስተኛው ዶርሐስ የደረቀው ወንዝ ጌታ ነው፤ እሱን ለመጻፍ ብዙ ተጠንቅቄያለሁ። በድሬዳዋ መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ሕፃናት ኳስ ይጫወቱበታል። ውኃው የሚመጣው ግን በደጋው ከሚዘንበው ነው፤ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ቤተሰቦቻቸው ዛሬም አብረውን ይኖራሉ። በፈጠራ ታሪኮች ውስጥ ጎርፍ የተቆጣ አምላክ ቅጣት ተደርጎ መቅረቡ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ከተማ እየኖርኩ ያን መጻፍ አልችልም፣ ተገቢም አይመስለኝም። የሞተው ሰው ኃጢአተኛ ስለነበረ ተቀጣ የሚል ታሪክ ለሐዘንተኛ ፊት ሊነበብ አይገባም።

ስለዚህ ዶርሐስ ጎርፍ አይልክም። አሸዋው ቤቱ ነው፤ ውኃው ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጁ ነው። ድሮ፣ ገና አምላክ ተብሎ ሲጠራ፣ ውኃው ከደጋው ከመነሣቱ በፊት በሕልም ያስጠነቅቅ ነበር፤ በምላሹም የመጀመሪያው የእሸት እፍኝ በአሸዋው ላይ ይበተንለት ነበር። የሐዝበር ነገሥታት ለኤልቃም ብቻ መሥዋዕት ሲያደርጉ እፍኙ ቀረ፣ ሕልሙም ቀረ። በወንዙ ዳር የሚኖሩት ሌላ መሬት ያጡ ድሆች ናቸው፤ ውሉን ያፈረሱት እነሱ አይደሉም፣ አፍራሾቹ በደጋው ግንብ ውስጥ ተኝተዋል። ዕዳውን አንዱ ወስዶ ሌላው ሲከፍለው ማሳየት፣ አንድን የአጋንንት አለቃ በቀንዱ ከማስፈራት ይልቅ እውነተኛ የሚያደርገው መስሎ ይታየኛል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማልሻገረው መስመር አለ። የምኖረው ሰው አምስት ጊዜ በሚሰግድበትና ኪዳን በሚያደርስበት አገር ነው፤ አንባቢዬም አማኝ ነው። የኤርማን አማልክት የሕያው እምነት ምትክ ወይም ማላገጫ እንዲሆኑ ስለማልፈልግ፣ በሐረር የሚከበር የአንድም አውሊያ ስም፣ የአንድም መልአክ ወይም ቅዱስ ስም ለፈጠራ ፍጡር አልሰጠሁም። ከኤልቃምና ከኢልፋር በላይ ያለውን፣ ዓለሙን የፈጠረውን፣ በታሪኩ ውስጥ ማንም አይገልጸውም። ገጸ ባሕርያቱ ስለ እሱ ሲጠየቁ ወደ ላይ ያያሉ እንጂ አይተርኩም። አማልክት ተብለው የሚጠሩት የኤርማን ኃይሎች ሁሉ ራሳቸው ተጠያቂዎች ናቸው፤ ይህን ማድረጌ ታሪኩን አላጠበበውም፤ እንዲያውም አማልክቱ ራሳቸው የሚፈሩት ነገር እንዲኖራቸው አስችሏል።

አራተኛ አለቃም ነበር። ሙርዛ ይባላል፤ በመጀመሪያው ረቂቅ ከሁሉም የበለጠ ኃይለኛ ነበር፣ ተራሮችን ያፈርስ፣ ሙታንን ያስነሣ ነበር። ረቂቁን ያነበበች አንዲት ወዳጄ በዳሩ ላይ በእርሳስ «ይኼ ሰውዬ ምን ይበላል?» ብላ ጻፈችበት። ለኢልፋር ቃል፣ ለዶርሐስ እሸት፣ ለኤልቃም ደግሞ ክፍት ቀዳዳ ነበራቸው፤ ለሙርዛ የሚሰጠው የለም፣ ከእሱም የሚቀበለው የለም፤ ማንም ገበሬ ወይም ነጋዴ ስለ እሱ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረም። ስሙ ካለበት ገጽ ሁሉ አወጣሁት፤ እሱ ያፈርሳቸው የነበሩትን ተራሮችም ወደ ቦታቸው መልሼ፣ በአንደኛው ላይ የሐዝበር ሽማግሌዎች የተደፈነው ግንብ እንዲከፈት የሚመክሩበትን ሸንጎ አስቀምጫለሁ።